ውጤታችሁን እስክትይዙ ምርመራው አላለቀም

አክስቴ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያደረገች ቀን ቀለል ብሏት ነው የተመለሰችው። «ተገላገልኩ» አለችን። ናሙናውን የወሰደችላት ነርስ «ችግር ካለ እንደውላለን» ብላታለች። አልተደወለም። ስላልተደወለ ሰላም ነው አለች፣ እኛም ሰላም ነው ብለን ተውነው። ከስምንት ወር በኋላ በሌላ ጉዳይ እዚያው ሄዳ ካርዷ ሲወጣ ውጤቱ ውስጡ ተጣጥፎ ተገኘ። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ታይቶባታል፣ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋታል ይላል። ለካ ደውለዋል። የደወሉት ግን ከዓመታት በፊት በተወችው ቁጥር ነው።

ደግነቱ ካንሰር አልሆነም ነበር። ቅድመ ካንሰር የሚባለው ደረጃ ላይ ነው የተደረሰበት፣ በአንድ ቀጠሮ ታክማ ወጣች። ግን ያ ስምንት ወር ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ስለ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ሲወራ ሁሌ የሚወራው «ሂዱ፣ ተመርመሩ» የሚለው ነው። ልክ ነው፣ ሂዱ። እኔ እዚህ መጻፍ የፈለግኩት ግን ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደምትጠይቁ፣ እዚያ ምን እንደሚጠብቃችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከወጣችሁ በኋላ ምን እንደምታደርጉ ነው። ምርመራ ብቻውን ማንንም አያድንም። የሚያድነው ምርመራው ያሳየውን ነገር እስከ መጨረሻው መከታተል ነው።

መጀመሪያ፦ ምልክት አላችሁ ወይስ የላችሁም?

ቀጣዩን ሁሉ የሚወስነው ይሄ ጥያቄ ነው። ቅድመ ምርመራ ምንም ለማይሰማው፣ ደህና ነኝ ለሚል ሰው የተዘጋጀ ነው። ምልክት ያየ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፣ ያውም ቶሎ። ሁለቱን ማምታታት ሰውን ይጎዳል። ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰች ሴት «የማሞግራም (የጡት ራጅ) ተራዬ በሚቀጥለው ዓመት ነው» ብላ ከጠበቀች፣ ወይም «ባለፈው ታይቼ ነጻ ነሽ ተብያለሁ» ብላ ከተወችው ቅድመ ምርመራው ጠቀማት ሳይሆን አዘናጋት ማለት ነው።

ስለዚህ እነዚህን ካያችሁ ዘመቻም ጥሪም አትጠብቁ። ጡት ወይም ብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቦረቦረ የጡት ቆዳ። ከግንኙነት በኋላ፣ በወር አበባ መሃል፣ ወይም ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም። ይሄ የመጨረሻው አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይም ይበቃል። ሰገራ ላይ ደም፣ ለሳምንታት የቆየ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ወይም የድምፅ መጎርነን። አፍ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎት የማይድን ቁስል። ምግብ ሲዋጥ መያዝ። ሳይፈልጉት የቀነሰ ክብደት።

ልጅ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በፍላሽ ፎቶ ስታነሱት የአንዱ ዓይን ብሌን በቀይ ፈንታ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ በተለይ በሌላ ፎቶም ከተደገመ፣ የዓይን ሐኪም ጋ በአስቸኳይ ውሰዱት። ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እንዲህ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ብዙ ጊዜ ካንሰር ሆነው አይገኙም። ግን ያንን የምታውቁት ታይታችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ላይ ያስቀመጠው ግብ አንዲት ሴት ምልክት አይታ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምንነቱ ተለይቶ እንዲታወቅላት ነው። ቁጥሩን ያዙት። ሁለት ወር አልፎ አሁንም «እስቲ እንየው፣ ይህን ቅባት ሞክሪ» እየተባላችሁ ከሆነ ሌላ ሐኪም ጋ መሄድ ድፍረት አይደለም።

ለየትኛው ካንሰር ነው ምርመራ ያለው?

ለሁሉም የለም። በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ለዓለም ጤና ድርጅት በጻፉት ሰነድ ለአንድ በሽታ ቅድመ ምርመራ ለማካሄድ ምን መሟላት እንዳለበት አስቀምጠዋል። ዛሬም የሚሠራበት ሐሳብ ነው። በሽታው ሳይታወቅ የሚቆይበት ረጅም ጊዜ ሊኖረው ይገባል፣ ያንን የሚያሳይና ሰው የሚቀበለው ምርመራ ያስፈልጋል፣ ሲገኝ ደግሞ ሕክምና መኖር አለበት። እነዚህ ከሌሉ ሰውን መመርመር ማስጨነቅ ነው የሚሆነው።

ይህን መስፈርት ከሁሉም በላይ የሚያሟላው የማህፀን በር ካንሰር ነው፣ ለዚህም ነው እሱ ላይ ረዘም አድርጌ የምቆየው። መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ይህን ያገኙት ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ቫይረሱ ገብቶ ካንሰር እስኪሆን የሰውነት መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። አስቡት፣ ሃያ ዓመት! በሽታውን መንገድ ላይ የምንይዝበት እንዲህ ያለ ሰፊ ጊዜ በብዙ ካንሰሮች ላይ አናገኝም። መከላከያዋ በተዳከመ ሴት ላይ፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ ኖሮባት ሕክምና ካልጀመረች፣ ጊዜው ወደ 5 እና 10 ዓመት ያጥራል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ30 ዓመት ጀምሮ በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ የኤችፒቪ ምርመራ ማድረግ ነው። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ከ25 ዓመቷ ትጀምራለች፣ በየ3 እስከ 5 ዓመቱም ትደግማለች። የኤችፒቪ ምርመራ በሌለበት ፓፕ ስሚር (ከማህፀን በር ሕዋስ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት) ወይም በአሴቲክ አሲድ በዓይን ማየት አለ፣ ቪአይኤ የሚባለው፤ እነዚህ በየ3 ዓመቱ ነው የሚደረጉት። ቪአይኤ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ካረጡ በኋላ ለውጥ የሚጀምርበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዓይን ማየት አስተማማኝ አይሆንም። እናታችሁን ወይም ታላቅ እህታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ጠይቁላቸው።

የጡት ካንሰር ላይ አገሮች በዕድሜው አይስማሙም። እንግሊዝ ውስጥ ከ50 ጀምሮ በየ3 ዓመቱ ይጠራሉ። የአሜሪካው የመከላከል ግብረ ኃይል በ2024 ከ40 እስከ 74 በየ2 ዓመቱ ብሏል። ይህ ልዩነት ምርመራው አይጠቅምም ማለት አይደለም። ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚመዝኑበት መንገድ ነው የተለያየው፣ ምክንያቱም በወጣት ሴት ጡት ላይ ማሞግራም ማየት ይከብደዋል፣ የውሸት ማስጠንቀቂያም ይበዛል። በየወሩ በተወሰነ ሥርዓት ጡትን መዳሰስስ? ብዙዎቻችን የተማርነው እሱን ነው። ሻንጋይ ውስጥ ከ260,000 በላይ የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2002 ሲወጣ፣ መዳሰስን የተማሩትም ያልተማሩትም በጡት ካንሰር የሞቱት እኩል ሆኖ ተገኘ። ካንሰር ላልሆነ እብጠት ናሙና የተወሰደባቸው ግን በዝተዋል። ስለዚህ ቀን ቆጥራችሁ አትጨነቁ። ጡታችሁን እወቁት፣ በቃ። ስትታጠቡ፣ ስትለብሱ፣ የተለመደው ምን እንደሚመስል ካወቃችሁ አዲስ ነገር ሲመጣ ይታወቃችኋል።

የትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ ሥጋ መሰል ነገር ነው፣ ፖሊፑ ወደ ካንሰር ለመቀየር አሥር ዓመት አካባቢ ይወስድበታል። ፖሊፑ ከተነሳ ካንሰሩ ሳይመጣ ቀረ ማለት ነው። ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንዱ ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም መፈለግ ነው፣ ይህ «ፊት» (FIT) ይባላል፣ በየዓመቱ ወይም በየ2 ዓመቱ ይደረጋል። ሌላው ኮሎኖስኮፒ ነው፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ አንጀቱን ማየት፤ ንጹሕ ከሆነ በየ10 ዓመቱ። አሜሪካ በ2021 ምርመራው የሚጀመርበትን ዕድሜ ወደ 45 ዓመት አውርዳዋለች፣ ሌሎች ብዙ አገሮች በ50 ይጀምራሉ።

ሳንባ ላይ ቅድመ ምርመራው ለአጫሾች ነው፣ ለሁሉም ሰው አይደለም። የሚሠራውም አነስተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን እንጂ ተራው የደረት ራጅ አይደለም። በ2011 ውጤቱ የወጣ፣ ከ53,000 በላይ ሰው የተሳተፈበት የአሜሪካ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ ሲቲው በሳንባ ካንሰር የሚሞቱትን በ20 በመቶ ቀንሶ አግኝቶታል። እዚያ ምርመራው የሚመከረው ከ50 እስከ 80 ዓመት ሆኖ በቀን አንድ ፓኮ ለ20 ዓመት፣ ወይም ሁለት ፓኮ ለ10 ዓመት ያህል ላጨሰ፣ አሁንም ለሚያጨስ ወይም ካቆመ 15 ዓመት ላልሞላው ሰው ነው። ማቆሙ ደግሞ ከየትኛውም ስካን ይበልጣል።

ፕሮስቴት ላይ፣ ወንዶች ብቻ ያላቸው ከፊኛ በታች የሚገኘው ዕጢ ማለት ነው፣ አጭር ልሁን። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ አለ፣ ግን ቁጥሩ በኢንፌክሽንም፣ በዕድሜ በሚመጣ ማደግም ይወጣል። የሚያገኘው ካንሰርም አንዳንዴ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን የማያስቸግር ነው። ስለዚህ ከ55 እስከ 69 ያላችሁ ወንዶች ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። ሳትነጋገሩ እግረ መንገዳችሁን ደም አትስጡ።

ከቤተሰብ ጀምሩ

ከላይ ያሉት ዕድሜዎች ሁሉ ስጋቱ መካከለኛ ለሆነ ሰው ነው። በዘር የሚወርድ ነገር ካለ ይለወጣሉ። እናንተ ጋ መኖሩን የምታውቁት ደግሞ በመጠየቅ ብቻ ነው። ይህ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። በብዙ ቤት «ያ በሽታ» እየተባለ ነው የሚታለፈው፣ ስሙ አይጠራም። ግን ታላላቆቻችሁ በሕይወት እያሉ ጠይቁ፤ ማን ታመመ፣ የቱ አካል ላይ፣ በስንት ዓመቱ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። በ75 ዓመት የመጣ የጡት ካንሰርና በ38 የመጣው ለእናንተ ያላቸው ትርጉም የተለያየ ነው። አባት ወይም እናት፣ ወንድም ወይም እህት የአንጀት ካንሰር ይዞት ከነበረ ምርመራ የሚጀመረው በ40 ዓመት ነው፣ ወይም እሱ ከታመመበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ፤ ከሁለቱ የሚቀድመው ይወሰዳል። እህታችሁ በ45 ከታመመች እናንተ በ35 ትሄዳላችሁ። የአባት ወገንም እኩል ይቆጠራል። የጡት ካንሰር ስጋት በአባት በኩልም ይወርዳል፣ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ይረሳዋል።

ጻፉት። አንድ ወረቀት ይበቃል። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ከአፋችሁ ይጠፋል።

የምርመራው ቀን

ለማህፀን በር ምርመራ ደም በብዛት በሚፈስበት ቀን አትሂዱ። ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሁለት ቀን ግንኙነት፣ ወደ ውስጥ የሚገባ መድኃኒትና ውስጥን መታጠብ ይቅር። ክፍሉ ውስጥ አልጋ ላይ ጋደም ትላላችሁ፣ እግር ከፈት ተደርጎ ማህፀን በሩን የሚያሳይ መሣሪያ ይገባል። ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ይጨንቃል፣ ሊያም አይገባም። ካመመ «ቆይ» በሉ፣ ትንሽ መጠን ያለው አለ፣ ቀይሩልኝ ማለት ይቻላል። ቪአይኤ ከሆነ ማህፀን በሩ ላይ ቀጠን ያለ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፣ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ለውጥ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጭ ከታየ ብዙ ጊዜ እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ሊታከም ይችላል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት «ከተገኘብኝ ዛሬውኑ ታክሙኛላችሁ ወይስ ሌላ ቦታ ትልኩኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መታየቱ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ደግሞ የኤችፒቪ ናሙና ራሳችሁ መውሰድ የምትችሉበት መንገድ አለ። ረዘም ያለ የጥጥ እንጨት መሰል ነገር ወደ ውስጥ አስገብቶ ማዞር ነው፣ መሣሪያው አያስፈልግም። ካለ ጠይቁ።

ለማሞግራም ሁለት ቁራጭ ልብስ ልበሱ፣ ከላይ ያለው ብቻ እንዲወልቅ። ብብት ላይ ዲኦዶራንትም ፓውደርም አትቀቡ፣ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታይና ያሳስታል። ጡት በሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳ መሃል ይጨመቃል። ደስ አይልም። ግን ለሰከንዶች ነው፣ ለእያንዳንዱ ጡት ሁለት ሁለት ጊዜ። ከወር አበባ በኋላ ባለው ሳምንት ብትሄዱ ጡት ስለማያምም ይቀላል። ከዚህ በፊት የተነሳችሁት ፊልም ወይም ሲዲ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። አንባቢው ሐኪም አዲሱን ከአሮጌው ጋር ሲያስተያይ ስንት አላስፈላጊ ጭንቀት እንደሚቀር!

የሰገራው ምርመራ ቤት የሚሠራ ነው፣ ሰው የሚተወውም ስለሚቀፈው ነው። እንዲህ ነው የሚደረገው። ሰገራው ውሃ ውስጥ ሳይወድቅ በፕላስቲክ ወይም በንጹሕ ዕቃ ትቀበሉታላችሁ። ቱቦው ክዳን ላይ የጥርስ መፋቂያ የምታህል፣ ጫፏ ላይ ቦይ ቦይ ያለባት እንጨት አለች። እሷን ሰገራው ላይ ሦስት አራት ቦታ ጫር ጫር ታደርጋላችሁ፣ ቦዮቹ ከሞሉ ይበቃል፣ ብዙ አይፈለግም። መልሳችሁ ትከታላችሁ፣ ቀኑን ትጽፋላችሁ። ቀን ያልተጻፈበት ወይም ቤት የሰነበተ ቱቦ ላቦራቶሪ ሊጥለው ይችላል። በወር አበባ ጊዜ ወይም ኪንታሮት እየደማ አታድርጉት። ምግብ መከልከል አያስፈልግም።

ኮሎኖስኮፒ ከሆነ ከባዱ ነገር ምርመራው ሳይሆን ዋዜማው ነው። የሚሰጣችሁን ማጠቢያ መድኃኒት ጨርሳችሁ ጠጡ። ግማሹን ጠጥቶ የሄደ ሰው አንጀቱ ስላልጸዳ ፖሊፑ ሳይታይ ያልፋል፣ ወይ ደግሞ ሌላ ቀን ና ይባላል። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ስኳር ያለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ማደንዘዣ ስላለው የሚመልሳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ከወንበሩ ሳትነሱ

አሁን ወደ አክስቴ ነገር ተመለስኩ። ናሙና ከሰጣችሁ በኋላ፣ ባለሙያዋ ፊት እንዳላችሁ፣ ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቁ። ማን እንደሚነግራችሁ፣ በስልክ ነው ወይስ በአካል፣ ያ ቀን ካለፈ እናንተ ማን ጋ እንደምትሄዱ ጠይቁ። ከዚያ «የጻፋችሁትን ስልኬን አንብቡልኝ» በሉ። የምትታመኑበት የሁለተኛ ሰው ቁጥርም አስጽፉ። ከዚያ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት። ቀኑ ሲደርስ ካልተደወለ እናንተ ደውሉ ወይም ሂዱ። ዝምታ ውጤት አይደለም።

ይህን ያህል የምጨቀጭቀው በምክንያት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የማህፀን በር ምርመራ ይደረግ ነበር። የሚመረመረው ግን ያጋጠመው ሰው ነበር፤ አንዷ ሦስት ጊዜ ትታያለች፣ ሌላዋ አንዴም። በ1988 የሴቶቹን ዝርዝር ይዘው በስማቸው መጥራት፣ ያልመጣችውን ደግመው መጥራት ሲጀምሩ ነው የሚመረመሩት የበዙትና ሞቱ በግልጽ የቀነሰው። ፊንላንድ ይህን በ1963 ጀምራ በሽታውንም ሞቱንም ወደ 80 በመቶ ቀንሳዋለች። መርማሪው መሣሪያ ያው ነው። ለውጥ ያመጣው ዝርዝሩና ክትትሉ ነው። እናንተ ያላችሁበት ቦታ በስም የሚጠራችሁ ከሌለ ዝርዝሩን እናንተው ያዙት ማለቴ ነው።

«ተገኝቶብሃል» ሲባል

የቅድመ ምርመራ ውጤት ፖዘቲቭ መሆን ካንሰር አለብህ ማለት አይደለም። ጠጋ ብለን እንይህ ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ማሞግራም ከሚነሱ 100 ሴቶች 4ቱ አካባቢ ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራሉ፣ ከአራቱ ካንሰር የሚገኘው አንዷ ላይ ነው። ኤችፒቪም እንዲሁ፣ ከአሥሩ ዘጠኙን ሰውነት ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። አደገኛው የማይለቀው ነው። ለዚህም ነው ክትትሉ።

ኤችፒቪ በግንኙነት ስለሚተላለፍ፣ የተገኘባት ሴት መጀመሪያ የምታስበው ሌላ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ ሊታይም ይችላል። ስለዚህ ዛሬ መገኘቱ ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም። ባል ሆነህ የምታነብ ካለህ፣ እባክህ ያን ቀን አብረሃት ሁን፣ ጥያቄ አታብዛባት።

ሰው ከሚሠራቸው ስህተቶች በጣም የማዝንበት ይሄ ነው፦ የሰገራ ምርመራው ደም አሳየ፣ ሰውየው ፈራ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ደገመው፣ ሁለተኛው ነጻ አለ፣ ተገላገልኩ ብሎ ተወው። ፖሊፕ የሚደማው አልፎ አልፎ ነው። ሁለተኛው ነጻ ማለቱ የመጀመሪያውን አይሽረውም። ቀጣዩ ኮሎኖስኮፒ ነው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ። አሥር ወር ካለፈ በኋላ የታዩት ላይ ካንሰርም፣ የጠና ካንሰርም እየበዛ እንደሚገኝ ታይቷል።

ናሙና ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙናው በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ክፍል፣ ከሄደ የውጤቱን ጽሑፍ ቅጂ ተቀበሉ። ፎቶ አንሱት፣ ለራሳችሁ ላኩት። «ደህና ነው» የሚል የቃል መልስ አይበቃም፣ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው። ውጤት ለመስማት ስትገቡ ደግሞ የሚያዳምጥላችሁ ሰው ይዛችሁ ግቡ። «ካንሰር» የሚለው ቃል ከተነሳ በኋላ ሰው ቀጥሎ የተባለውን አይሰማም።

ጥቅል ምርመራ የሚሉት

«ሙሉ የካንሰር ቼክአፕ» ተብሎ የሚሸጥ አለ፣ ደም ተቀድቶ የቱመር ማርከር (ካንሰር ሲኖር ደም ውስጥ ሊጨምሩ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች) ዝርዝር፣ ከራስ እስከ እግር ስካን፣ የአንገት አልትራሳውንድ። ሲኢኤ፣ ሲኤ 125 የሚባሉት የደም ምርመራዎች ካንሰሩ የታወቀን ሰው ለመከታተል ይረዳሉ እንጂ ጤነኛን ለመለየት አይሆኑም፤ ያለውን ያልፋሉ፣ የሌለውን ያስደነግጣሉ። ታይሮይድ በሚባለው የአንገት ዕጢ ላይ ደቡብ ኮሪያ የደረሰባትን ማየት ይበቃል። ሰው ለሌላ ምርመራ ሲሄድ ገንዘብ ጨምሮ አንገቱን በአልትራሳውንድ መታየት ተለመደ። በ2011 የታይሮይድ ካንሰር ተብለው የተመዘገቡት ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆኑ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ፈቅ አላለም። ያ ሁሉ ሰው ዕድሜ ልኩን ላያውቀው ለሚችል ነገር ቀዶ ጥገና ገብቷል፣ ብዙዎቹም በየቀኑ ክኒን የሚውጡ ሆነዋል። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ምርመራ በኔ ዕድሜ ሞትን እንደሚቀንስ ታይቷል?» መልሱ ከተድበሰበሰ ገንዘቡ ለማሞግራም ወይም ለኤችፒቪ ምርመራ ይዋል።

ነጻ ነሽ ከተባላችሁ

ደስ ይበላችሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ቀን ጻፉ። የዛሬ ሦስት ወይም አምስት ዓመት የሚመጣ ቀጠሮ ማንም አያስታውስም፣ ስለዚህ ከማይረሳ ነገር ጋር እሰሩት። የልጅ የትምህርት ቤት መግቢያ ዓመት ሊሆን ይችላል፣ የራሳችሁ 35ኛ፣ 40ኛ፣ 45ኛ ልደት ሊሆን ይችላል። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ የኤችፒቪ ክትባት መውሰዷን አረጋግጡ። የተከተበችም ብትሆን ዕድሜዋ ሲደርስ ትመረመራለች፣ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነት አይሸፍንምና።

በሁለቱ ቀጠሮ መሃል ከላይ ከጻፍኳቸው ምልክቶች አንዱ ከመጣ ያ «ነጻ» የሚል ወረቀት አይቁጠርላችሁ። ወረቀቱ ስለ ዛሬው አይናገርም። የዚያን ቀን ሂዱ።